የመራጊዋ ልጅ መዳፍ

እታገኘሁ ጭቃ መድረሱን የምታውቀው በጠረኑ ነው። ጭድ ገብቶበት የተረገጠው ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሰንብቶ ሲቦካ ጎንበስ ትልና ታሸተዋለች። ገና ከሆነ «ጥሬ ነው» ብላ ትታው ትሄዳለች፤ ከደረሰ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ትሰበስባለች። ከአሸተን ማርያም ጀርባ ባለችው በወይራ አፋፍ መንደር የእሷ መዳፍ ያላለፈበት ግድግዳ የለም። ሙሽራ የሚገባበት ቤት፣ ክርስትና የሚነሳበት ቤት፣ ተዝካር የሚወጣበት ቤት አስቀድሞ እሷን ይጠራል። ባሏ በሕይወት ሳለ እሱ ድንጋዩን ይክብ፣ እሷ ትመርግ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ድንጋዩን የሚክበው ሌላ ሰው ሆነ፤ መምረጉ ግን ከእሷ እጅ አልወጣም።

ጭቃውን የምትረግጥላት ጎረቤቷ ገለቴ ናት። ገለቴ እግሯ ጭቃ ውስጥ እያለ ምላሷ አያርፍም።

«ይቺ ሴት ግድግዳ ስትዳብስ ያየ፣ ባል ናፍቋት ነው ይላል።»

«አንቺ እርገጪ» ትላታለች እታገኘሁ፣ ሳቋን ወደ ግድግዳው አዙራ።

በአገሩ እታገኘሁ ያልመረገችው አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር። እሱም የመዳፍ ዋሻ ግድግዳ ነው።

ዋሻው ከመንደሩ በታች፣ ወይራዎቹን አልፎ ይገኛል። አፉ ሰፊ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ጣሪያው ዝቅ ይላል። ከጣሪያው ስንጥቅ ክረምት ከበጋ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጠብታው ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ፈልፍሎ ገበቴ የመሰለ ጎድጓዳ አበጅቷል። ሰው ጠበል ነው ይለዋል፤ ከብትም ግን ሾልኮ ገብቶ ይጠጣዋል።

የዋሻውን ነገር ከሁሉ አሳምረው የሚተርኩት የእታገኘሁ የነፍስ አባት ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው። ቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያንጽ ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር ይላሉ። ከመላእክቱ አንዱ ገና ለጋ ነበር። ከሥራው ሲመለስ ደከመውና እዚህ ዋሻ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ በዚያው ዶሮ ጮኸ። ጎህ ከቀደደ በኋላ በምድር መቆየት ስላልተፈቀደለት የጀመረውን ሳይጨርስ ሄደ። ሲሄድ ግን መዳፉን ድንጋዩ ላይ አኖረ። ተመልሼ እጨርሰዋለሁ ማለቱ ነው።

መዳፉ ዛሬም አለ፤ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ድንጋዩ ውስጥ ጠልቆ ይታያል። ጣቶቹ ስድስት ናቸው። የእታገኘሁ ልጅ ደጀን ልጅ ሳለ ይህን ቆጥሮ ዝም ማለት አልቻለም።

«አባ፣ መልአክ ስድስት ጣት አለው እንዴ?»

«ለመልአክ ጣት ቆጥሮ የሰጠው ማን አለና ነው?» አሉት ቄስ ሰይፈ ሥላሴ።

«ታዲያ ስድስት ጣት ይዞ ነው የደከመው?»

በመቋሚያቸው ገፋ አደረጉትና ሳቁ። እኒያ ሳቅ አይቀናቸውም የሚባሉት ሰውዬ መሳቃቸው ለመንደሩ ብዙ ጊዜ ወሬ ሆኖ ቆየ።

ከዚህ ተረት ልማዱ ወጣ። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው በሚሄድበት ማለዳ ወደ ዋሻው ይወርዳል። ነጭ አፈር በጠብታው ውሃ ይበጠብጣል፤ ቀኝ እጁን ነክሮ ከመልአኩ መዳፍ በታች ያትማል። ሲመለስ ቤቱ ሳይገባ በቅድሚያ ዋሻው ገብቶ፣ በዚያው ውሃ፣ በዚያው እጁ አጥቦ ያነሳዋል። ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም፤ እናትም ብትሆን፣ ሚስትም ብትሆን። የሄደ እጁን ያኖራል፣ የተመለሰ እጁን ያነሳል ይባላል።

ስለዚህ በግድግዳው ላይ የቀሩት እጆች ሁሉ ያልተመለሱ ሰዎች እጆች ናቸው። በሰባ ሰባት ድርቅ የወጡ አሉ። ከዝቅታ፣ ከጉልበት አጠገብ፣ ትንንሽ መዳፎች ይታያሉ፤ እናቶቻቸው እጃቸውን ይዘው ያተሙላቸው ሕፃናት ናቸው። ለውትድርና የተወሰዱ አሉ። ከእነሱ በላይ ያሉት፣ ገና ነጭነታቸው ያልደበዘዘው፣ የዐረብ አገር መንገደኞች ናቸው። ወደ ዋሻው የገባ የመንደር ሰው የራሱን ሰው እጅ ሳይፈልግ ያገኘዋል። ዓይኑ ብቻውን ይሄድበታል።

ደጀን የእታገኘሁ አንድ ልጇ ነው። ከጓደኛው ከሙሉሃብት ጋር ላሊበላ እየወረደ እንግዳ ያስጎበኝ ነበር። እንግዳ ከከተማዋ በጠፋበት ዓመት ሁለቱም ሥራ ፈቱ። ሙሉሃብት ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ። ደጀን ጋሸና ሄዶ ከጭነት መኪና እህል ሲያወርድ ከረመ፤ እዚያ ከመንገደኞች ወሬ ሰማ፤ ከዚያ አንድ ቀን መጥቶ ዐረብ አገር ልሄድ ነው አላት።

«በየት በኩል?» አለችው።

«በባሕር።»

«ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«አንቺስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ሳታዪው እንዴት ፈራሽው?»

 እስከዛሬም ለዚያ ጥያቄ መልስ እንደምትፈልግ ገለቴ ትናገራለች።

በሚሄድበት ማለዳ እናትና ልጅ አብረው ወረዱ። ቦታውን የመረጠችለት እሷ ናት። እንደ ቤት ግድግዳ መዳፏን እያሳለፈች ዳብሳ፣ ለስላሳና ደረቅ ያለ ቦታ ከመልአኩ መዳፍ ዝቅ ብሎ አገኘችለት። አፈሩን ግን የበጠበጠው እሱ ነው። ጣቷን ነክራ አየችና «ቀጥኗል፣ አፈር ጨምርበት» አለችው።

«ይቅጠን እማ። ስመለስ ቶሎ ይታጠብልኛል። ቤቴ ሳልገባ እዚህ ቆሜ ስፈገፍግ ልዋል?»

«ሰነፍ።»

«መንገዱ አድክሞኝ ነዋ የምመጣው።»

እጁን አተመ። ከመዳፉ ሥር ቀጭን ነጭ ጅረት በድንጋዩ ላይ ወረደ። በለመደችው እጇ፣ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገው ስትል ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«አይነካም እኮ» አላት።

እጇን መለሰች። መስመሩ እንደወረደ ደረቀ።

ስልኩ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ኢክሪማ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ከጅቡቲ ለሙሉሃብት ደወለ። ከደጀን ጋር በአንድ ጀልባ ተሳፍረው ነበር፤ ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ኢክሪማ ተረፈ። ሙሉሃብት ስልኩን እንደዘጋ ማንንም ሳያናግር ወደ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ሄደ። እሳቸውም ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ እንደ ወጉ በማግስቱ ማለዳ የእታገኘሁ ደጅ ቆሙ።

ገና ሳይነጋጋ የብዙ ሰው እግር ደጅ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እታገኘሁ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች።

«እጁ ግድግዳው ላይ ነው» አለች። «ሂዱ።»

«ልጄ» አሉ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ።

«እጁ ግድግዳው ላይ ነው አባ። የሞተ ሰው እጁን አላኖረም፤ የሄደ ነው ያኖረው። እናንተው ናችሁ ያስተማራችሁኝ። ሂዱ።»

በሩን ዘጋችው። ሌላም ጊዜ መጡ፤ አልከፈተችም። ከዚያ በኋላ መምጣቱን ተዉት። መርዶ ሳይነገር ለቅሶ አይቀመጥምና መንደሩ ሐዘኑን በጉያው ይዞ ቀረ። እሷ ጥቁር አልለበሰችም፤ ጠጉሯንም አልተላጨችም። ቄስ ሰይፈ ሥላሴን ከሁሉ የከበዳቸው ሌላ ነበር። እናቱ አለ እያለች ፍትሐቱን ማድረስ ከበዳቸው፤ ሳያደርሱም ነፍሱን በልባቸው ይዘው መቀደስ ከበዳቸው። ሲያናዝዟትም ይህንኑ አንስተው ነበር።

«የልጅሽ ነፍስ ጸሎት ትፈልግ ይሆናል።»

«ለመንገደኛ የሚጸለየውን ይጸልዩለት» አለቻቸው።

የሰው ቤት መምረጓን አላቋረጠችም። የራሷ ቤት ግድግዳ ግን ጭቃው እየረገፈ ድንጋዩ ወጣ። ገለቴ «መራጊ ሆነሽ ቤትሽ ጥርሱን ሲያሳይ አያሳፍርሽም?» ስትላት፣ ሲመጣ እመርገዋለሁ ትላለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ወደ ዋሻው ወርዳ እጁ ፊት ትቀመጣለች። የሰነበተችበትን ቤት ትነግረዋለች፤ የማን ግድግዳ እንደተሰነጠቀ፣ ማን ጭቃ ሳይቦካ መርጎ እንደተጸጸተ። ማንም ገብቶ አይረብሻትም ነበር።

ጦርነቱ አካባቢው የደረሰ ጊዜ ግን መንደሩ ሁሉ ወደ ዋሻው ገባ። ከልጅ እስከ ሽማግሌ፣ ዶሮም ፍየልም ሳይቀር እዚያ ሰነበተ። ብርዱ የከፋ ስለነበር እሳት ይነድዳል፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ጣሪያውን ያጠቁረዋል። እታገኘሁ ጋቢዋን በደጀን እጅ ላይ ጋረደችው፤ ጫፉን በድንጋይ ስንጥቅ ወትፋ አሰረችው። እሷ በነጠላ ተኛች። 

በአንዱ ቀን አንዲት ሴት እዚያው ወለደች። የሕፃኗ መጠቅለያ ጨርቅ አልበቃም። እታገኘሁ ትንሽ ቆመችና ጋቢውን ከግድግዳው አወረደች፤ ሕፃኗን ጠቀለለችበት። ከዚያ ወደ ቦታው ተመልሳ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ እጁን በአካሏ ጋርዳ ተቀመጠች። ጭሱ ወደ እሷ ሲመጣ ዓይኗን ትጨፍናለች እንጂ አትነሳም። ሕፃኗን ፀደይ አሏት።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሰው ወደየቤቱ ተመለሰ። ዋሻው ግን እንደነበረ አልሆነም። ምሥጋናው የሚባል ወጣት የቅርስ ባለሙያ ከሙሉሃብት ጋር ከላሊበላ መጣ። ከመምጣቱ በፊት የዋሻውን ነገር ከሙሉሃብት ሰምቶ ኖሮ ሲገባ ጫማውን አወለቀ፤ ይህ ለሽማግሌዎቹ በቃቸው። ግድግዳውን በጣቱ ጫፍ እየነካካ ረጅም ጊዜ አዳመጠው። አንዳንድ ቦታ ሲመታው እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል።

«ጥላሸቱ ይጸዳል፤ እሱ አያሳስበኝም» አላቸው። «እሳቱ ነው የጎዳው። የድንጋዩ የላይኛው ልጥ፣ ቅርፊቱ፣ ከውስጡ ለቋል። እጆቹ ያሉት ልጡ ላይ ነው። አሁን ክረምት ገብቶ ውሃ ከኋላው ከገባ ይረግፋል።»

«እኔ ልደግፈው» አለች እታገኘሁ። «ዙሪያውን በደንብ አድርጌ እመርገዋለሁ።»

«እትዬ፣ መራጊ መሆንዎን ሙሉሃብት ነግሮኛል። ይህ ግን የቤት ግድግዳ አይደለም። ጭቃም ውሃም አይንካው። ከኋላው ገብቶ የሚያያይዝ ነገር አለ፤ እሱን ይዤ ከክረምት በፊት እመጣለሁ። እስከዚያ እንዲሁ ተዉት።»

ከመልአኩ መዳፍ በታች ወዳለው እጅ ጠጋ ብሎ አየ። ከሁሉ ነጭ እሱ ነበር፤ ጭስ አልነካውም።

«ይሄ በደንብ ተጠብቋል። የማን ነው?»

«የልጄ።»

«የት ነው ያለው?»

ሙሉሃብት መሬት መሬት አየ።

«መንገድ ላይ ነው» አለች እታገኘሁ።

ምሥጋናው ያለውን ያደርግ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ተዘጋ። አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሌላ ሳምንት ይዘጋል፤ ከዚያ ጭራሽ መኪና ማለፍ አቆመ፤ ስልክም ጠፋ። ክረምቱ ማንንም ሳይጠብቅ ገባ። አንድ ማለዳ እታገኘሁ ወርዳ ስታይ ከታች ካሉት ትንንሽ እጆች ሁለቱ ከነልጣቸው ወድቀው መሬት ላይ ተሰብረዋል። ስብርባሪውን በነጠላዋ ሰብስባ በደረቅ ጥግ አኖረችው። ቀና ስትል፣ ከጣሪያው በአዲስ ስንጥቅ የወረደ የውሃ መስመር ወደ ደጀን እጅ እያዘነበለ ሲመጣ አየች። ገና አልደረሰም፤ ግን መንገዱን ይዟል።

ዕለቱኑ አፈር ነፋች። ጭዱን በማጭድ አድቅቃ ከተፈችው። ገለቴ ጉድጓዱ ውስጥ ቆማ እየረገጠች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልመጣላትም።

«የቅርሱ ልጅ አትንኩት ብሏል እኮ።»

«ልጁ የት አለ?»

«መንገድ ተዘግቶበት ነው እንጂ ቃሉን አጥፎ አይደለም።»

«አላጠፈም። ግድግዳስ መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል?»

«እኔ እንጃ» አለች ገለቴ። «እኔ የማውቀው መርገጥ ነው።»

ያሰበችው ቀላል ነበር። ከእጁ በላይ፣ ልክ እንደ ቅንድብ፣ የጭቃ ጠርዝ ልታወጣለት ነው፤ ውሃው ቅንድቡ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይፈስሳል። ለብዙ ቤት መስኮት እንዲህ ሠርታለች። ጭቃው ሲደርስ አሸተተችው። ሸክላ ሞልታ፣ ገለቴን አስከትላ ወረደች።

መራጊ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። እርጥብ ጭቃን ደረቅ ግድግዳ አይይዝም። ግድግዳው መጀመሪያ ውሃ መጠጣት አለበት። ደረቅ ላይ የመረገ መራጊ በማግስቱ ሥራውን መሬት ላይ ያገኘዋል። ይህ እታገኘሁ ከእናቷ የተማረችው፣ ለስንቱ ሙሽራ ቤት ያደረገችው ነገር ነው፤ ልታስብበት እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። ጨርቅ ነከረች። ከእጁ በላይ ያለውን ድንጋይ፣ እጁን ሳትነካ፣ በጥንቃቄ አራሰችው።

ድንጋዩ ጠጣ። እሳት ያደረቀው ልጥ ነውና ከኋላው ባዶ ነበር፤ ውሃው በፊቱ ሳይሆን በጀርባው ወረደ። እታገኘሁ የምታየው ፊቱን ነው። ሁለተኛ እፍኝ ጭቃ ለማንሳት ጎንበስ ብላ ቀና ስትል የደጀን አውራ ጣት ነጭነቱ ጠፍቶ ጠቁሯል። ቀጥሎ ሌባ ጣቱ። ቀጭን ነበር አፈሩ፤ ቶሎ እንዲታጠብ የተበጠበጠ ነበር። መዳፉ በሙሉ ከድንጋዩ ላይ መንሸራተት ጀመረ።

ግድግዳ ሲንሸራተት የመራጊ እጅ ሳይታዘዝ ይነሳል። መዳፏን ዘርግታ፣ ጣት በጣት ላይ፣ መዳፍ በመዳፍ ላይ አድርጋ ደገፈችው። እንዲሁ ቆመች። ገለቴ በኋላ ስትናገር፣ እጇን እስክታነሳ ድረስ ቀኑ የሚመሽ መስሎኝ ነበር ብላለች። ስታነሳው ግድግዳው ላይ እርጥብ ድንጋይ ብቻ ቀረ። ነጩ አፈር እሷ መዳፍ ላይ ነበር።

ገለቴ ጠብታው ወዳለበት ጎድጓዳ ፊቷን አዙራ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እታገኘሁ አላለቀሰችም። እጇን ከፊቷ ይዛ፣ ምንም ነገር እንዳይነካው፣ ሽቅብ ወጣች።

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ደጃቸው ላይ ጥላቸውን ይሰፉ ነበር። መርፌውን እንደያዙ ቀና አሉ። መጀመሪያ ያዩት እጇን ነው። ገና ከሩቅ ገባቸው፤ ብድግ አሉ።

«አባ» አለች። «ነገ ማለዳ መጥታችሁ መርዶዬን ንገሩኝ።»

 «ልጄ፣ ውሃ ነው የወሰደው፤ አንቺ አይደለሽም» አሏት።

«ውሃውን ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

«መልአኩም እጁን...»

«ተረቱ ይቆየን አባ። ነገ ኑልኝ። ሁላችሁም ኑ። ሙሉሃብትም ይምጣ።»

ቤቷ ስትደርስ ገለቴ የተረፈውን ጭቃ ተሸክማ ከኋላዋ ደርሳ ነበር። እታገኘሁ ድንጋዩ የወጣውን የቤቷን ግድግዳ አየችው። ነገ ለቀስተኛ የሚመጣበት ቤት ነው። ተጠርታ ስትሄድ ለሰው የምታደርገውን ለራሷ ማድረግ ነበረባት። ሳይመሽ ጀመረች። በግራ እጇ ነበር የመረገችው፤ ቀኟን ከሥራው አራቀችው። ግራ እጅ እንደ ቀኝ አያለሰልስም፤ ገለቴ ከኋላ እየተከተለች ያልተስተካከለውን ታስተካክል ነበር። ለልጇ እጅ የቦካው ጭቃ ለደጇ በቃ።

ማለዳ ሲመጡ በሩን ከፍታ፣ መቀነቷን ፈትታ፣ መሬት ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ስንቱን መርዶ የነገሩ ሰው ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን ከደጃፉ ሳያልፉ ቆሙ።

«እታገኘሁ፣ ደጀን ዐርፏል» አሉ።

አንገቷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ሙሉሃብትን ፈለገችው።

«ያ የደወለልህ ልጅ ምን ነበር ያለህ? ያኔ አልሰማሁህም።»

ሙሉሃብት ከሰው መሐል ወጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። «እትዬ፣ ኢክሪማ እጁን ይዤው ነበር አለኝ። ጀልባው ሲገለበጥ በአንድ እጁ እንጨት ይዞ፣ በአንድ እጁ ደጀንን ይዞ ነበር። ከዚያ...»

«ከዚያ አመለጠው።»

«አዎ።»

«እርጥብ እጅ አይያዝም» አለች እታገኘሁ። ቀኝ መዳፏን ከፍታ አየችው፤ አፈሩ ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሯል። «ልጁ በሕይወት ካለ ፈልገህ ንገረው። የደጀን እናት አልወቀሰችህም በለው።»

ከዚያ ሴቶቹ ገቡ፤ ቤቱም ለቅሶ ሆነ። ስንት ዓመት የተያዘ ለቅሶ ነውና መንደሩ የየራሱን ሰው ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ጠጉሯን ገለቴ ላጨቻት። እጇን መቼ እንደታጠበችው ማንም አላየም።

መንገዱ የተከፈተው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ምሥጋናው ዕቃውን አሸክሞ መጣ። እታገኘሁ ጥቁሯን ለብሳ ዋሻው አፍ ላይ ጠበቀችውና ሳይጠይቃት ያደረገችውን ነገረችው። አልተቆጣም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «የመጣሁት ዘግይቼ ነው» አለ። የቀሩትን እጆች በመርፌ ከኋላቸው እየወጋ አንድ በአንድ አያያዛቸው። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ በቦይ ወደ ጎን መለሰው፤ ከወደቁት ትንንሽ እጆችም እታገኘሁ ሰብስባ ካኖረችው ስብርባሪ አንዱን ገጥሞ መለሰው። ሌላው አልገጠመም። ግድግዳው ላይ ሌላ እጅ እንዳይታተም አሳሰበ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተከራከሩበት። በመጨረሻ፣ ለሚሄዱት ከዋሻው አፍ ውጭ፣ ጥላ ያለበት ለጥ ያለ ድንጋይ ተለየላቸው። ልማዱን የሚተው ሰው አልተገኘም፤ መሄዱንም የተወ አልተገኘም።

አሁን ዋሻው ታጥሯል፤ በሩን የምትከፍትና የምትዘጋ እታገኘሁ ናት። የገባ ሰው እጁ እርጥብ ከሆነ ወደ ግድግዳው አታስጠጋውም። እንግዳ ጥቂት በጥቂት መምጣት ጀምሯል፤ ሙሉሃብትም ወደ ማስጎብኘቱ ተመልሷል። በቅርቡ ይዟቸው ከመጣ እንግዶች አንዱ ከመልአኩ መዳፍ በታች ያለውን ባዶ ቦታ አሳይቶ ጠየቀው፤ በዙሪያው እጅ ሞልቶ እዚያ ብቻ ለምን ባዶ ሆነ አለው። ሙሉሃብት የመንደሩ ልማድ እንደሚለው መለሰ፤ ይህ ሰው ተመልሷል፣ እጁን አንስቷል አለ። እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ፎቶ አነሱት። ሲወጡ ሙሉሃብት ወደኋላ ቀርቶ አጠገቧ ቆመ።

«ይቅር በይኝ እትዬ። ሌላ ምን እንደምለው ጠፋኝ።»

«ምንስ ትለዋለህ?» አለችው። «እናቱ አጠበችው ልትለው ነው?»

በዚያው ሳምንት እድላዊት የምትባል የመንደር ልጅ፣ በጦርነቱ ጊዜ ዋሻው ውስጥ ለተወለደችው ለፀደይ አክስት የምትሆን፣ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ ማለዳ መጣች። ቤይሩት ልትሄድ ነው። እታገኘሁ ጎድጓዳ ሳህን አወጣች፤ ነጭ አፈር ጨመረች፤ ከጠብታው ውሃ ጥቂት አፈሰሰችበትና በጣቷ ማማሰል ጀመረች። አየችው። ሌላ እፍኝ አፈር ጨመረች። አማስላ እንደገና ጨመረች፤ አፈሩ እንደ ሊጥ ከጣቷ አልላቀቅ እስኪል ድረስ።

«በጣም ወፈረ እኮ፣ እትዬ» አለች ልጅቷ። «ስመለስ በምን አባቱ ይለቃል?»

«ትፈገፍጊዋለሽ» አለች እታገኘሁ፤ ሳህኑንም አቀረበችላት።